ጆሮውን የወተፈው ሰው

በጣሊያን ጊዜ ደብረ ማርቆስ ገበያ የሚመጣ አንድ ሰው ነበር፤ በርኖሱ ያለቀ፣ ጆሮዎቹ ወሬ እንዳይገባባቸው በጥጥ የተወተፉ። ሰው እውነትን በየትኛው በር እንደሚያስገባት ማን ያውቃል፤ እሱ ግን የሚያምነው አፍንጫውን ብቻ ነው። ኬላ ላይ ባንዳው ሲያንባርቅበት አንገቱን አስግጎ የባንዳውን ኮሌታ ያሸታል። «ፍርሃት ፍርሃት ትሸታለህ፤ አይዞህ ወንድሜ» ይለዋል። ባንዳው ግራ ገብቶት ያሳልፈዋል።

ቅቤ ሻጯ ሥራነሽ ባሏ አንለይ አርበኛ ሆኖ ጫካ ከገባ ወዲህ ወሬ ሰልችቷታል። አንዱ «ሞተ»፣ ሌላው «ተማረከ»፣ ሦስተኛው «ሌላ አገባ» ብሏታል። ሰውዬው ከጫካው በኩል መምጣቱን ስትሰማ ሮጣ ጥጡን ከጆሮው ነቀለችና ጮኸችበት።

«በሞቴ፣ አንለይ አለ ወይስ የለም?»

«እኔ ብነግርሽ አንድ ወሬ መጨመር ነው፣ እኅቴ» አለና ከጉያው የራስ ጥምጥም አውጥቶ አፍንጫዋ ላይ ደቀነው። «አንቺው አሽቺ።»

አሸተተች። ጭስ፣ ባሩድ፣ ከሥሩም ባለፈው ገበያ ጠጉሩን እንዲቀባው የላከችለት አሪቲ ያለበት የራሷ ቅቤ። ከሁሉም በላይ ገና ያልደረቀ ላብ።

«ይኼ ቆሻሻ! ዛሬም አልታጠበም!» ብላ ሳቀች።

ሳቋ ወደ ለቅሶ ሲዞር ሰውዬው ጥጡን ከእጇ ተቀብሎ ጆሮውን መልሶ ወተፈ።