የዶሮ ጀርባ ዋጋና የትምህርት ቤቱ በር

ስሙኝማ። የያዛችሁትን አስቀምጡና ስሙኝ፣ በአንድ ጆሮ ገብቶ በሌላው እንዳይወጣ። የማወራችሁ ስለ ዶሮ ጀርባ ነው።

ሳቁ፣ ችግር የለም። እኔም መጀመሪያ ስቄያለሁ። የዶሮ ጀርባ ማለት ደረቱም ጭኑም ክንፉም ተገንጥሎ ከተሸጠ በኋላ የሚተርፈው አጥንት ነው፣ ሥጋ ለምልክት ያህል የተለጠፈበት። ጃማይካ ውስጥ የድሃ ድስት የሚጣደው በእሱ ነው። ኑሮ እንዴት ነው ብለህ ስትጠይቅ ሰው ስለ ምንዛሪ አይነግርህም፣ የዶሮ ጀርባ ጨመረ ነው የሚልህ። ቀነሰ ሲሉ ግን ሰምቼ አላውቅም። እኔ ጃማይካን በእግሬ ረግጫት አላውቅም፣ በጆሮዬ ግን ኖሬባታለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በፈረንጅ ሁለት ሺህ አሥራ አራት አካባቢ አትላንታ አጠገብ ሊቶኒያ ውስጥ የአንዲት ጃማይካዊት አሮጊት ቤዝመንት ተከራይቼ እኖር ነበር። ኤርፖርት አጠገብ ካለ ፓርኪንግ መንገደኛ የሚያመላልስ ሻትል ነው የምነዳው፣ ሺፍቴ ከሰዓት በኋላ ነው። እሷ ደግሞ ስኔልቪል ውስጥ አልጋ ላይ የዋሉ አንድ ፈረንጅ ሽማግሌ ትንከባከባለች። እንግሊዝኛ አንቱ ስለሌለው እሷ እያልኩ ነው የማወራችሁ፣ ያልተቀጣሁ እንዳይመስላችሁ። የመኪናዋ ትራንስሚሽን ሞተና ደጇ ድራይቭዌዩ ላይ ተገተረ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ራይድ እሰጣት ጀመር።

ገና ቀበቶዋን ሳታስር ስልኳን ዳሽቦርዴ ላይ ታስቀምጥና የአገሯን ሬዲዮ ትከፍታለች። ድምፁ የሚሻክር አንድ ሰውዬ አለ፣ ሕዝቡ እየደወለ ብሶቱን የሚያራግፍበት። መጀመሪያ ሰሞን እንግሊዝኛቸው አልገባኝም። እንደሚጣሉ እንጂ በምን እንደሚጣሉ አላውቅም። እሷ እየሳቀች ትተረጉምልኛለች። አንዱ መብራት ሳይኖረው የመብራት ሂሳብ መጣብኝ ይላል። አንዷ ታክሲው በሦስት ሰው ወንበር ላይ አምስት ጫነን ትላለች፣ እኔ በልቤ ይሄማ የኛ ሰፈር ነው እላለሁ። አንድ ሰፈር መንገድ ላይ ያለው ጉድጓድ አልደፈን ሲላቸው ምን አደረጉ መሰላችሁ? የሙዝ ተክል ተከሉበት። መኪና እየዞረው ይሄዳል። ይሄን የሰማሁ ቀን ስኔልቪል አድርሻት ስመለስ ብቻዬን ስስቅ አረንጓዴው መብራት አመለጠኝ፣ ከኋላዬ ያለው ሰውዬ በጡሩምባ አበደ።

ከዚያ በኋላ ያዘኝ። ሱስ ነው። የእኔ እድሜ ልጅ ኳስ ይከታተላል፣ እኔ በቆሎ ዱቄትና የዶሮ ጀርባ። እሷ ባልሠራችበት ቀን ራሱ፣ ባኞ ቤት ቆሜ ጥርሴን እየፋቅኩ፣ ከላይ በጣሪያው በኩል የሚመጣውን ድምፅ አዳምጣለሁ። ያ የሙዝ ተክል አፈራ ወይስ ነቀሉት? ያቺ ታክሲ ላይ የተጣላችው ሴትዮ ምን ሆነች? ማንም አይነግርህም፣ ነገ ሌላ ጉድ ነው።

ስለ ሰዎቹም የማውቅ ይመስለኝ ነበር። እኛ ጃማይካ ሲባል የተገመደ ጸጉርና ሻሸመኔ ነው የሚታየን። ቤዝመንቱን ለማየት የሄድኩ ቀን ኢትዮጵያዊ ነኝ ስላት እልል ብላ ታቅፈኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። ከእግር እስከ ራሴ አየችኝና፣

«ጥሩ። ግን እዚህ ቤት ማጨስ የለም» አለችኝ።

እሷ እሁድ እሁድ እንደ ትሪ የሰፋ ባርኔጣ አድርጋ ቤተክርስቲያን የምትሄድ ሴት ናት። ወንድሟ ጸጉሩን ገምዶ ራስታ የሆነ ጊዜ አባቷ ከቤት እንዳባረረው ነገረችኝ። በእሷ ዘመን ጸጉሩን ያላበጠረ ሰው ሥራ አይቀጠርም፣ ቤት አይከራይም፣ ሰርግ አይጠራም። ታዲያ ወንድምሽ ምን አጠፋ ስላት፣ ምንም፣ ሥርዓት ነዋ አለችኝ። ይሄ «ሥርዓት» የሚሉት ነገር አፏ ውስጥ እንደ ከረሜላ ነው፣ አይጠፋም።

ነሐሴ ሲገባ ሬዲዮው ዶሮውን ትቶ ትምህርት ቤት ላይ ይወጣል። እዚያ አገር ዩኒፎርም ቀልድ አይደለም። ቀሚስ ከጉልበት በታች ይህን ያህል መውረድ አለበት፣ ጫማ ጥቁር ሆኖ ዘለበት የሌለው፣ ጸጉር እንዲህ እንጂ እንዲያ አይደለም። ትምህርት ሲከፈት ጠዋት በሩ ላይ አስተማሪ ቆሞ ያያል፣ ያልጣመውን ልጅ ይመልሳል። እናቶች እየደወሉ ያለቅሳሉ። አከራዬ ግን በርዕሰ መምህሩ ወገን ናት። አንዷ እናት ልጄ ተመልሳ መጣች እያለች ስታነባ፣ እሷ ጎኔ ተቀምጣ፣ ታዲያ ቀድመሽ አትለኪም ነበር፣ ትላታለች። እንደምትሰማት ሁሉ።

እኔ እናደዳለሁ። እንከራከራለን። ምክንያቱም በር ላይ መመለስ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። አዲስ አበባ ታክሲ ሰልፍ አስረፍዶኝ ባንዲራ ከተሰቀለ በኋላ ስደርስ ዘበኛው በሩን ይጠረቅምብኛል። ከዚያ ወዴት? ቤት ከሄድኩ ዱላ ነው። ጆተኒ ቤት ነዋ። ጆተኒ ቤት ዘበኛ የለውም፣ ማንንም አይመልስም። አሥረኛ ክፍልን የጨረስኩት እዚያ ነው በሉት።

በሚቀጥለው ዓመት ክረምት ጃማይካ ያለችው የልጅ ልጇ ፈተና አለፈችና ትልቅ የሴቶች ትምህርት ቤት ደረሳት። ስሙ ሲጠራ ሰው ከወንበሩ ብድግ የሚልለት ዓይነት። አከራዬ በልጅነቷ የዚያን ትምህርት ቤት አጥር ተደግፋ ማንጎ ትሸጥ ነበር። በበሩ ከቤተሰቧ ማንም ገብቶ አያውቅም። ስለዚህ ልጅቷ ትምህርት በሚከፈትበት ቀን በዚያ በር መግባቷ ለሴትየዋ ከምንም በላይ ሆነ። ሌላ ወሬ የላትም፣ ሽማግሌውን እያጠበች ራሱ ስለዚያ በር ነው የምታወራቸው አሉ።

ሳሎኗ ጥግ ላይ አንድ ሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜል አለ። ጃማይካኖች ሁሉ እንዲህ ናቸው፣ በርሜል ገዝተው ሩዝ፣ ዘይት፣ ሳሙና፣ ቆርቆሮ ሥጋ በትንሽ በትንሹ እየሞሉ በመርከብ ለቤተሰብ ይልካሉ። የእሷ ዳንቴል ለብሶ አበባ ተቀምጦበት እንደ ቤት ዕቃ ነው የሚኖረው። በዚያ ክረምት አበባው ተነሳና የልጅቷ ዕቃ ገባ። ቀሚሱን ራሷ ሰፋችው። ልኩን የልጅቷ እናት በስልክ ሜትር ይዛ እየጮኸች ነው የነገረቻት። እናትየው ቱሪስት ሆቴል አልጋ አንጣፊ ናት፣ ማታ ካልሆነ አትገኝም።

አንድ ቅዳሜ ወደ ሥራ ስትሄድ፣ ሶፋው ላይ ያለውን ዕቃ በርሜሉ ውስጥ ክተትልኝ አለችኝ። ካልሲ፣ ሸሚዝ፣ የውስጥ ልብስ፣ አዲስ ጥቁር ጫማ ከነካርቶኑ።

እኔ ደግሞ ዕቃ ወደ አገር ቤት መላክ ማን ያስተምረኛል? አክስቴ አዲስ አበባ በሄደች ቁጥር ሻንጣዋን የማዘጋጀው እኔ ነኝ። ታግ ይቆረጣል። ካርቶን ይጣላል። ሸሚዝ አንዴ ታጥቦ ይጨማደዳል። ጫማ ሶሉ አስፋልት ላይ ይታሻል፣ የተለበሰ እንዲመስል፣ ፈታሹ አዲስ ነው ብሎ ቀረጥ እንዳይጥል። የሐበሻ ሕግ ነው፣ የትም አልተጻፈም፣ ሁሉም ያውቀዋል። ቁጭ ብዬ አንድ ባንድ ሠራሁት። ጫማውንማ ድራይቭዌዩ ላይ አሽቼ አሽቼ፣ አፍንጫውንም ትንሽ ነካ አደረግኩት። ኮርቼ ጠበቅኳት።

መጣች። ጫማውን ከበርሜሉ አፍ ላይ አነሳችው። አገላብጣ አየችው።

«ማነው ያደረገው ይሄን ጫማ?»

ማንም እንዳላደረገው፣ ለቀረጥ ብዬ እንደሆነ ከሀ እስከ ፐ አስረዳኋት። ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ትጮኻለች ብዬ ነበር፣ አልጮኸችም።

«ልጄ፣ እናንተ አገር አዲስ ነገር ወንጀል ነው እንዴ?»

ከዚያ እሷ ነገረችኝ። የእነሱ በርሜል ቀረጡ የሚከፈለው እንደ በርሜል ነው፣ ጫማ በጫማ አይቆጥሩትም አለች። ደግሞ በርሜል የሚከፈተው ጓሮ ውስጥ፣ ጎረቤት ሁሉ ተሰብስቦ ነው። ታግ የሌለው ነገር ከወጣ፣ ፈረንጅ የጣለውን ለቅማ ላከች ይባላል። ውጭ ያለ ሰው እዚያ እንደ ባንክ ነው የሚታየው፣ ያገለገለ ጫማ ከላክህ ወይ ንፉግ ነህ ወይ ከስረሃል። ጎረቤቱስ ይሁን፣ አለች። በሩ ላይ የምትቆመው አስተማሪ ግን ከጫማ ነው የምትጀምረው።

ስቶር ሄድኩ፣ በልኳ የቀረው ዘለበት ያለው ብቻ ነው። ተመልሼ መጣሁና ሊስትሮ ሲሠራ እያየሁ ያደግኩ ልጅ ነኝ ብዬ ቁጭ አልኩ። ቀለም፣ ጨርቅ፣ ጠብታ ውኃ፣ ደግሞ ቀለም። ፊቴ እስኪታየኝ ወለወልኩት። ካርቶኑን ከሪሳይክል ባልዲው አወጣሁት። ታጎቹን ከቆሻሻው ለቅሜ ሰጠኋት፣ እሷ በመርፌ ቁልፍ መልሳ አያያዘቻቸው። በመጨረሻ ጫማውን አይታ፣ ከአዲሱ ይሻላል አለችና ሳቀች። እኔም ተነፈስኩ። በርሜሉ ሄደ። በጊዜው ደረሰ። ጓሮው ውስጥ ተከፈተ፣ ጎረቤት አጨበጨበ ብላ ነገረችኝ።

ትምህርት በተከፈተ ማግስት ጠዋት መኪናዬ ውስጥ ገባች። ሬዲዮውን አልከፈተችም። መቶ ሃያ አራት ሃይዌይ ላይ ወጥተን ብዙ ከሄድን በኋላ ነው የነገረችኝ። ልጅቷን መልሰዋታል። ጫማው አልፏል፣ እንዲያውም አስተማሪዋ አመስግናዋለች። ቀሚሱ ግን ሁለት ጣት አጠረ።

ልኩ ትክክል ነበር እኮ። ልጅቷ ናት በክረምቱ ያደገችው። ጥፋቷ ማደግ ነው።

እናትየው ሆቴል ናት። ልጅቷ ለዚያ በርሜል ያጨበጨበ ጎረቤት እያያት በጠዋት ተመልሼ አልገባም ብላ፣ በዚያ አዲስ ዩኒፎርም ገበያ ውስጥ አውቶቡስ ተራ ተቀምጣ ዋለች። ማታ እንደ ተማረች ሆና ገባች። ያዩዋት ሰዎች ናቸው ለእናቷ የነገሩት።

አከራዬ ስልኳን አነሳችና ለሬዲዮው ሰውዬ ደወለች። ስንት ዓመት ሰምታው ደውላ አታውቅም። ሆልድ ላይ አደረጓት። እኔ አንድ ማደያ ገብቼ ፓርክ አደረግኩ፣ መንዳት አልቻልኩም። ከብዙ ጥበቃ በኋላ የሻከረው ድምፅ መጣ፣ ከየት ነው እማማ አላት። ከአትላንታ አለች። የእሁድ ድምፅዋን አውጥታ፣ ልጅቷን፣ ፈተናውን፣ ሁለቱን ጣት ነገረችው። ሰውዬው ሳቀ።

«ውጭ አገር ተቀምጠሽ ረዥም ጨርቅ አጣሽ እማማ?»

«ጨርቁ አላጠረም። ልጅቷ ነች ያደገችው» አለችው።

ቆንጆ ነገር ነው አላት፣ ግን ሥርዓት ሥርዓት ነው ብሎ ወደሚቀጥለው ደዋይ አለፈ። የሚቀጥለው ደዋይ አንዲት ሴት ነበረች፣ ታዲያ ቀድመው አይለኩም ነበር ትላለች። አከራዬ ስልኩን ዘጋችው። መስኮቱን እያየች፣

«አምና ያቺ ሴትዮ እኔ ነበርኩ» አለችኝ።

ስኔልቪል አደረስኳት፣ ሽማግሌው ቁርስ እየጠበቁ ነበር።

ተራፊ ጨርቅ ስላልነበረ፣ ተመሳሳይ ቀለም ተፈልጎ ጎረቤት እስክትቀጥልላት ሳምንቱ አለቀ። ከዚያ ልጅቷ ገባች። ወንበሩ ሁሉ ተይዞ ስለነበር ከኋላ፣ ከመስኮቱ ጥግ ተቀመጠች። አያቷ ሬዲዮውን ከሰነበተች በኋላ መልሳ ከፈተችው፣ የዶሮ ጀርባም ጨምሮ ጠበቀን። ግን እናት ደውላ ስታለቅስ ከጎኔ መልስ መስጠት ቀረ።

እኔ ግን ዝም የምል ሰው አይደለሁም። እዚያ ሜትር ይዛችሁ የምትቆሙት፣ እኛም ሰፈር ቁልፍ ይዛችሁ የምትቆሙት፣ እናንተን ነው የምጠይቀው፦ በር ላይ የመለሳችሁት ልጅ ከዚያ ወዴት እንደሚሄድ አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ፣ ተከትላችሁት አይታችሁ ታውቃላችሁ?