የኋላ ፍሬን ሸራ ፍለጋ፦ ከጎብዬ እስከ ዋጃ

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከጎብዬ ወደ ቆቦ የሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። የሄድኩት ቆቦ ጋራዥ ውስጥ አምስት ሳምንት የቆመችውን ባለ አራት ጎማ ሞተሬን የኋላ ፍሬን ላስቀይር ነው። ከዚያም፣ መንገድ ላይ ፈርቼ ካልተመለስኩ፣ ሙሐመድን ልጠይቅ።

ሥራዬ የመስኖ ፓምፕ መጠገን ነው። የራያ ቆላ የሽንኩርትና የቲማቲም ማሳዎች ከአስፋልቱ ርቀው ስለሚገኙ፣ ሞተሯን ያገለገለች ብትሆንም በደስታ ነበር የገዛኋት። ሙሐመድ ከቆቦ በስተምሥራቅ የሚኖር ገበሬና የረጅም ጊዜ ወዳጄ ነው። አቋራጩን ሁሉ ስለሚያውቅ ሥራ ባለኝ ቀን ከኋላዬ ተቀምጦ ይመራኛል።

ግንቦት ላይ የኋላው ፍሬን መጮህ ጀመረ። በረገጥኩት ቁጥር ብረት ከብረት ሲፋቅ ይሰማል። «ሲሳይ፣ ይቺ ሞተር ጥርሷን እያፋጨች ነው፤ አሳያት እንጂ» አለኝ ሙሐመድ።

«የሽንኩርቱ ሥራ ይለፍና» አልኩት።

ሦስት ሳምንት እንዲሁ ነዳኋት። አንድ ቀን ወደ ደረቁ ወንዝ በሚያወርደው ቁልቁለት ላይ ፍሬን ስረግጥ ፔዳሉ ሙልጭ ብሎ ወረደ። ደንግጬ የፊቱን ፍሬን ጨመደድኩት፤ ሞተሯ ተሽከርክራ ተገለበጠች። እኔ አሸዋ ላይ ወደቅኩ፣ ሙሐመድ ድንጋይ ላይ። ግራ እግሩ ከጉልበቱ በታች ተሰበረ።

ሆስፒታል አድርሼው፣ በጀሶ ሲታሰር አጠገቡ ነበርኩ። ቤቱ ከገባ ወዲህ ግን አንድም ቀን አልጠየቅኩትም። ሲደውል «ሞተሯ ቆማለች፤ ስትሠራ እመጣለሁ» እለዋለሁ። እውነቱ ግን ሚስቱን ዘይነባን ማየት ፈርቼ ነው።

ሮቢት

ሮቢት ላይ ሚኒባሱ ሰው ሊጭን ቆመ። ሻጮች በመስኮት ፓፓያና የተጠበሰ በቆሎ አቀረቡልን። አንድ በቆሎ ገዝቼ ከጎኔ ከተቀመጡት አዛውንት ጋር ተካፈልኩ። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ማሽላው ከመሬት ብቅ ብሏል።

«ዘንድሮ ዝናቡ ቶሎ ገባ፤ የቀደመ ቀደመ» አሉ ሰውየው። የሙሐመድ ማሳ ተዘርቶ ይሆን ብዬ ያሰብኩት ገና ያኔ ነው። አምስት ሳምንት ሙሉ ስለ ራሴ ኀፍረት እንጂ ስለ እርሻው አላሰብኩም ነበር።

ቆቦ፣ ሦስት ሰዓት

መካኒኩ ወንድማገኝ የኋላውን ጎማ ፈትቶ፣ ሸራዎቹን አውጥቶ መዳፌ ላይ አስቀመጣቸው።

«ሸራው የቱ ነው?» አልኩት።

«አለቀ እኮ! ይኼ ሸራው የሚለጠፍበት ብረት ነው። ዲስኩን እንዴት እንዳረሰው ተመልከት።» ጣቴን ከጎማው ጋር በሚዞረው ዲስክ ላይ አስኬድኩት፤ እንደ ትልም ተቦርቡሯል። «ድምፁን አልሰማኸውም?»

«ሰምቼዋለሁ።»

ወንድማገኝ ቀና ብሎ አየኝና መልሶ አጎነበሰ። ዲስኩ ስስ ባለመሆኑ ተስተካክሎ እንደሚሠራ፣ ሸራው ግን የግድ መቀየር እንዳለበት ነገረኝ። የቆቦን መለዋወጫ ሱቆች አዳረስኩ፤ የተለመደው የሞተር ሳይክል ሸራ እንጂ ለእኔዋ የሚሆን የለም። አንዱ ባለሱቅ «ዋጃ ለተብርሃን ጋ ሞክር» አለኝ።

ዋጃ

ለተብርሃን በስልሳዎቹ ውስጥ ያለች፣ አማርኛዋ ትግርኛ ትግርኛ የሚል ሴት ናት። ሱቋ ከጣሪያ እስከ ወለል መለዋወጫ ብቻ ነው። አሮጌዎቹን ሸራዎች ተቀብላ ከሦስት ካርቶን ውስጥ ካመጣቻቸው ጋር አንድ በአንድ አስተያየች። ሦስተኛው ልክ ሆነ። ከመስጠቷ በፊት አሮጌውን ወደ ብርሃን አዙራ አየችው።

«እስከዚህ ድረስ ነድተኸዋል? ወይ አንተ ልጅ! ሰው አልተጎዳም አይደል?»

«አልተጎዳም» አልኳት።

«እግዚአብሔር ይመስገን» ብላ በወረቀት ጠቀለለችልኝ።

ሱቁ ፊት ለፊት ካለው ምግብ ቤት ፍርፍር አዝዤ ተቀመጥኩ። ሴትየዋ ደግሜ ላላያት የምችል ሰው ናት። ለእሷ እውነቱን ብናገር ምን ይጎድልብኝ ነበር? የሙሐመድን ስብራት በአንድ ቃል የሰረዝኩት መሰለኝ። ተመልሼ ልነግራት ተነሳሁ፤ የቆቦው መኪና ረዳት ሲጣራ ግን ሮጬ ገባሁ።

ቆቦ፣ ሰባት ሰዓት

ወንድማገኝ የዲስኩን ሻካራ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰ፤ ሸራዎቹን የሚገፋውን ፒስተን በሞርሳ እያጠበቀ ቀስ አድርጎ ወደ ውስጥ መለሰው። አዲሶቹን ገጥሞ አሮጌውን የፍሬን ዘይት አወጣና አዲስ ሞላ። እኔ ፔዳሉን እረግጣለሁ፣ እሱ አየሩን ያስወጣል።

«አሁን ሳትነዳት ደጋግመህ ርገጥ» አለኝ። መጀመሪያ ፔዳሉ ሰጠመ፤ ከዚያ ቀስ በቀስ ጠነከረና እግሬን መለሰው። ሰዓቴን አየሁ። ሥራው አንድ ሰዓት እንኳ አልፈጀም።

ሙሐመድ ቤት

ያቺን የወደቅንባትን ቁልቁለት በቀስታ ወረድኳት። ፍሬኑ ያዘ። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፤ አልሆነም።

ዘይነባ ደጅ ላይ የፍየል ግልገሎች ታስራለች። «ሞተሯ ተሠራች?» አለችኝ፤ ሌላ አልጨመረችም። አሬራ በኩባያ አምጥታልኝ ወጣች።

ሙሐመድ አልጋው ላይ፣ ጀሶ የታሰረ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጧል። «እግዜር ይማርህ» ብዬ ራሱን ሳምኩት።

«አሚን። አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ።»

«ጥፋቱ የኔ ነው። ነግረኸኝ ነበር።»

«አብሽር። አጥንት ነው፤ ኢንሻአላህ ይገጥማል።» ጀሶውን በእጁ ደገፍ አድርጎ አመቻቸና «እኔ የከፋኝ መውደቄ አይደለም፣ ሲሳይ። መንደሩ ሁሉ ጠየቀኝ። ጫማ በተሰማ ቁጥር አንተ ትሆናለህ ብዬ በሩን አያለሁ። ወላሂ፣ ሞቶ ይሆን እንዴ ብዬ ነው የምደውልልህ» አለኝ።

ነገር ለማስቀየር «ና፣ ደግፌ ላውጣህና በሞተሯ ማሳህን ላሳይህ፤ ፍሬኗ አሁን ይይዛል» አልኩት።

«አልወጣባትም» አለ ፈጥኖ። ከዚያ ለስለስ ብሎ፣ «አንተ እይልኝ። አይተህ እንዳለ ንገረኝ።»

በእግሬ ሄድኩ። የላይኛውን ማሳ ጎረቤቶቹ አርሰው ዘርተውለታል፤ ማሽላው ጣት አክሏል። የታችኛው ባዶውን ተኝቷል። በአጠገቡ የሚያርም ገበሬ አዝኖ እንጂ ሊወቅሰኝ ብሎ አልተናገረም፦ «በሬ አጥተን ነው። ሁሉም ለራሱ ሲሯሯጥ እርጥበቱ አለፈ። ለምኖ በሬ የሚያሰባስብለት አንድ ሰው ቢገኝ ኖሮ እኮ ይደርስ ነበር።»

ተመልሼ ለሙሐመድ እንዳለ ነገርኩት፤ የላይኛውንም የታችኛውንም። ዓይኑን ጨፍኖ ሰማኝ። «የታችኛው ነው የሚያበላን» አለ ብቻ።

ጎብዬ

ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤቴ ገባሁ። ሞተሯን አቁሜ ለረጅም ጊዜ ላይዋ ላይ ተቀመጥኩ። በዚያ ቆላ ፓምፑን ያልጠገንኩለት ገበሬ ጥቂት ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ሄጄ ቢሆን፣ ከአሥር ቤት አሥር ጥማድ በሬ ለምኜ በአንድ ቀን ባሳረስኩለት ነበር። እኔ ግን ሰበብ ስደረድር ከረምኩ። ፍሬኑን ቸል ማለቴ እግሩን ሰበረ፤ ፊቱን መሸሼ ደግሞ እርሻውን ነሳው። የመጀመሪያውን ሳላስበው አጠፋሁ፤ ሁለተኛውን ግን በየቀኑ እያወቅኩ።

የሙሐመድ የታች ማሳ ዘንድሮ ጦሙን ያድራል።