ግራውንዱ ተይዟል

ቤተሰቡን ይዞ ወደ ርካሽ ሰፈር የሚሄድ ሰው ኪሱ የፈቀደለትን ይወስዳል እንጂ አይመርጥም ይባላል። ሐሰት ነው። ይመርጣል። እኔ መርጫለሁ፤ በኪሴ ያሳበብኩት ኋላ ነው።

ቦሌ፣ ሩዋንዳ አካባቢ ለዓመታት የተከራየነውን ቤት ባለቤቱ የእንግዳ ማረፊያ ሊያደርገው አሰበና እንድንለቅ በጨዋ ደንብ ነገረን። አምስት ነን፤ ባለቤቴ፣ ሁለት ልጆቻችን፣ እናቴና እኔ። ቦሌ ውስጥ በአቅማችን ቤት እንደሌለ ለመረዳት ሁለት ቅዳሜ በቃን። ከዚያ ፊታችንን ወደ ምሥራቅ አዞርን። ከመገናኛ ወዲያ ያለው ሌላ ከተማ ነው፤ ከአዲስ አበባ የወሰደው ስሟን ብቻ ነው። ርካሽ ነው፣ ሰፊ ነው፣ ነፋሱ አይጣል ነው።

መጽሐፍ ያበዛ ሰው ምንም ነገር በቀላሉ አያደርግምና ሰፈር መምረጡን እንደ ጥናት ያዝኩት። ደብተር ገዛሁ። ሰሚት፣ አያት፣ የካ አባዶ እየዞርኩ ውሃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ፣ የጠዋቱ የታክሲ ሰልፍ የት ድረስ እንደሚጠማዘዝ፣ ባለቤቴ ኦሎምፒያ ያለው ቢሮዋ በስንት ሰዓት እንደምትደርስ፣ የልጆቹ ትምህርት ቤት አስፋልት ያሻግር አያሻግር እንደሆነ ጻፍኩ። ስለ እናቴ ጉልበት አንድ መስመር አልጻፍኩም።

በመጨረሻ አያት አንድ ኮንዶሚኒየም ላይ ደረስኩ። ደላላው እዚያው አንድ ብሎክ ውስጥ ሁለት ቤት አሳየኝ፤ አንዱ ግራውንድ፣ ሌላው አራተኛ ፎቅ። ሊፍት የለም። የላይኛው ኪራይ በጥቂቱ ይቀንሳል፤ ልዩነቱ ግን ቤተሰብ የሚያናጋ አልነበረም። የግራውንዱ መስኮት ሥር ልጆች ኳስ ይጫወታሉ፣ አንዲት ሴትዮ ሽንኩርት ትቸረችራለች፣ የብሎኩ ሰው ሁሉ ሲገባና ሲወጣ ቆሞ ያወራል። አራተኛ ፎቅ ግን ጸጥታ ነበር። እዚህ እጽፋለሁ አልኩ በልቤ።

“ማዘር አብረው ናቸው አላሉኝም ጋሼ?” አለ ደላላው።

“ናቸው።”

“እንግዲያው ግራውንዱን ይያዙ። እዚህ ካወጧቸው የሚያወርዳቸው ወይ ሰርግ ወይ ቀብር ነው።”

“ምላስህን ሰብስብ” አልኩት። የላይኛውን ተዋዋልኩ።

ማታ እናቴ “ግራውንድ አልተገኘም?” ብላ ጠየቀችኝ።

“ተይዟል እማዬ።”

“እንግዲህ ምን ይደረጋል” አለች።

ዕቃ የጫንን ቀን በባዶው ግራውንድ በር ስናልፍ ቆም ብላ አየችው። ተከራዩ ገና ዕቃውን አላመጣም አልኳት። ቤቱ ከዚያ በኋላም ሁለት ወር ያለ ሰው ተቀመጠ። ሁለት ወር ሙሉ ስገባና ስወጣ በበሩ አለፍኩ። በአራተኛ ፎቁ ጸጥታ መጀመሪያ የጻፍኩት ስለ ማኅበራዊ ኑሯችን መላላት ነበር። ብዙ ሰው ወደደው።

እናቴ የሚካኤል ጽዋ ማኅበር አላት። አሥራ ሁለት ሴቶች ናቸው። ወር በገባ በአሥራ ሁለት በአንዷ ቤት ይሰበሰባሉ፤ ባለተራዋ ትደግሳለች፣ ሲያበቃ ጽዋው ለቀጣይዋ ይሰጣል። ተራ በዓመት አንዴ ነው የሚደርሰው። ማኅበሩ በዕድሜ ከእኔ ትዳር ይበልጣል፤ ጸባቸውም ፍቅራቸውም እንደዚያው ነው።

በአዲሱ ቤት ተራዋ የደረሰ ቀን አሥራ አንዱ ከሩዋንዳና ከሃያ ሁለት ሰፈር ታክሲ እየቀያየሩ መጡ። ሳሎኑን አሰናድተን ስንጠብቅ ድምፃቸው ከታች ተሰማን፤ ከዚያ ጠፋ። ብወርድ ሁለተኛ ፎቅ ላይ በየደረጃው አንድ አንድ ሆነው ተቀምጠዋል። ከሁሉም በላይ የተቀመጠችው ሙሴያቸው ናት፤ የማኅበሩን መሪ እንዲህ ነው የሚሏት። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ታለከልካለች።

“ምነው ልጄ” አለችኝ፣ “እናትህን ሳትሞት ሰማይ ቤት አስገባሃት?”

“ሚካኤልስ ክንፍ አለው፣ ይደርሳል” አለች ከሥር ያለችው። “እኛ በምን እንውጣ?”

ሳቁ። እናቴ የብረቱን መደገፊያ ይዛ እንደ ምንም ወረደች። እኔ ጽዋውንና ዳቦውን ይዤ ተከተልኩ። ሳሎን ሲጠብቁ የነበሩት የነፍስ አባቷም ወርደው ጸሎት አደረሱ፣ ዳቦው እዚያው ደረጃ ላይ ተቆረሰ። ጀሪካን የተሸከመ ጎረቤት ይቅርታ እያለ በመካከላቸው ሲያልፍ ለእሱም ቆረሱለት።

ሲያበቃ ሙሴዋ የእናቴን እጅ ያዘች።

“እህቴ፣ ከእንግዲህ ያንቺ ተራ ሲደርስ እኔ ቤት ይሁን። ድግስሽን ይዘሽ ትመጫለሽ።”

በቅንነት ነው ያለችው። ግን ማኅበርተኛ በራሱ ቤት ካልተቀበለ እንግዳ ነው፤ ይህን ደረጃው ላይ የተቀመጡት ሁሉ ያውቁታል። እናቴ እሺ አለች። ከዚያ ወደ እኔ ሳታይ፣

“ልጄን እንዳትቀየሙት” አለች። “ግራውንድ ፈልጎ ፈልጎ አጥቶ ነው።”

“እሱማ ምን ያድርግ” ተባባሉ። “ይህ ልጅ የተባረከ ነው። ስንቱ እናቱን ጥሎ ይሄዳል!” አሥራ አንድ ሴቶች ተራ በተራ መረቁኝ። እኔም ለእያንዳንዱ ምርቃት አሜን አልኩ።

በማግስቱ ደላላውን ፈልጌ አገኘሁት። “ያኔ ነግሬዎት ነበር ጋሼ” አለ። “አሁን ግራውንድ የያዘ ሰው ይለቃል?”

እናቴ ደረጃውን ወርዳ መውጣት ከአቅሟ በላይ ስለሆነ ብዙውን ቀን በረንዳው ላይ ትውላለች። ሽንኩርት ሻጯን፣ ኳሱን፣ ቆሞ የሚያወራውን ሰው ከላይ ታያለች። እኔ የሸሸሁትን ጫጫታ እሷ ትናፍቀዋለች። ይህን ሁሉ በቃል ልነግራት ሞክሬ አፌ እምቢ አለኝ። ዓይኗ ስለደከመ የምጽፈውን ሁሉ ልጄ ናት የምታነብላት፤ ይህንንም ታነብላታለች። ተይዟል ያልኩሽ ቤት አልተያዘም ነበር፣ እማዬ።

ተራዋ ሊመለስ ጥቂት ወራት ቀርተውታል። አንተ አንባቢ፣ አያት አካባቢ ግራውንድ ተከራይተህ ኳሱና ወሬው ካማረረህ ቤት ቀይረኝ። ጸጥታ አለው፣ ሰባ ሁለት ደረጃ አለው፣ አከራዮቹን እኔ አነጋግራለሁ። ከተራዋ በፊት ቀይረኝ።