የሎሬታ ጎመን

ግሮንላንድ ሰፈር ገበያ ወርጄ ጎመን በገዛሁ ቁጥር ሎሬታ ትመጣብኛለች። ልጅ ሳለሁ እዚሁ ኖርዌይ፣ ሃውገሩድ በሚባል ሰፈር ፊት ለፊታችን የምትኖር ጥቁር አሜሪካዊት ነበረች። ከአገሯ ያመጣት ኖርዌጂያዊ ባሏ ሞቶባት ብቻዋን ቀርታለች። እሁድ እሁድ ከቸርች ስንመለስ ኮሪደሩን የሚያውደው የእሷ ምግብ ነው፤ ጎመን፣ የተጠበሰ ዶሮ፣ የበቆሎ ዳቦ። ባለክዳን ሳህን ሞልታ በራችንን ታንኳኳለች። ባደገችበት በእናቷ ቤት እሁድ ለብቻው የሚበላ ሰው አልነበረም፤ እኛን የምታበላው ለዚያ ነበር።

እናቴ ጎመኑን እያጣጣመች፣ “የዚች ሴትዮ አያት ጉራጌ ሳትሆን አትቀርም” ትል ነበር። ሳህኑንም ባዶ አንመልስም፤ ድፎ ዳቦም ሆነ ቆሎ አይጠፋበትም። ሎሬታ ይህን ስለለመደች እንደ ልጅ እየቸኮለች እዚያው በሩ ላይ ትከፍተዋለች።

አንድ ቀን ጎመን ልቀነጥስላት ገብቼ ድስቱ ውስጥ የተጨሰ የአሳማ እግር ስትከት አየሁ። ጴንጤ ብንሆንም አሳማ ቤታችን አይገባም። እኔ ግን ስለጣፈጠኝ ዝም አልኩ።

ከወራት በኋላ በጓደኛዬ ልደት የአሳማ ሥጋ ያለበት ፒዛ መብላቴን እናቴ ሰምታ ጭኔን ቆነጠጠችኝ። እልህ ያዘኝና፣ “አንቺስ የሎሬታን አሳማ ዓመት ሙሉ ስትበዪ!” አልኳት። ወዲያው ሄዳ አፏን ደጋግማ ተጉመጠመጠች።

የሚቀጥለው እሁድ የመጣውን ጎመን ቆሻሻ ውስጥ ደፋችው። ሳህኑን አጥባ ባዶውን አስያዘችኝ። “ሰጥተሻት ነይ። አንድ ቃል እንዳትተነፍሺ!”

ሎሬታ ከፈተችው። ፈገግታዋ ወዲያው ጠፋ።

“እናትሽ ተቀየመችኝ?”

“ናይ፣ አልተቀየመችሽም” አልኳት።

አሳማውን ተዪው ብንላት በበሬ ሥጋ ትሠራልን ነበር። እናቴን ይሉኝታ ያዛት፤ እኔን ፍርሃት። ሎሬታ ዳግመኛ አላንኳኳችም። ኮሪደር ላይ ስንገናኝ እናቴ “ሃይ ሃይ” ብላት ታልፋለች። በኋላ ሎሬታ አረጋውያን መጦሪያ ገባች፤ መሞቷን የሰማነው ከተቀበረች ሰንብታ ነው።

አሁን ሊንደበርግ የሚባል ሰፈር ነው የምኖረው። ባለፈው በጋ ልጄ ፖልሰ የሚሉትን የአሳማ ቋሊማ ይዞ ሲሮጥ እናቴ አስቁማ ኬቻፕ ጨመረችለት።

“እማዬ፣ አሳማ እኮ ነው” አልኳት።

“ታዲያ ምን አለበት? ይብላበት” አለችኝ።

ያን ቀን እናቴን ጠላኋት። ራሴንም።