ቁልፍ ቀራጩ ከንቲባ

ሰርካለም ሰው በቀላሉ አታምንም፤ ቁልፍ ቀራጭ ሲሆን ደግሞ ጭራሽ። ዴንቨር አጠገብ፣ አውሮራ ከተማ ሃቫና ስትሪት ላይ ያለው የቅመም ሱቋ እሁድ እሁድ ዝግ ነው። ከፋሲካ ወዲህ ግን አንዳንድ ሰኞ ጠዋት ስትከፍት አንድ ነገር ቦታውን ለቅቆ ታገኛለች። አንዴ የበርበሬው ጆንያ ወደ ግድግዳ ተገፍቶ፣ አንዴ የጓዳው መብራት በርቶ፣ ባለፈው ሰኞ ደግሞ ትልቁ ድስት ታጥቦ ተደፍቶ። የጠፋ ነገር የለም። በሩም አልተሰበረም።

«ሌባ ድስት ያጥባል እንዴ?» አላት የአክስቷ ልጅ ፍቅረሥላሴ፣ ታክሲ ነጂው።

«ሌባ መቼ አልኩ? የሚገባ ሰው አለ ነው ያልኩት። ያንን በር ሳይሰብር የሚከፍት ደግሞ ቁልፉን የገጠመው ሰውዬ ብቻ ነው።»

የገጠመው ኣስመላሽ ነው፤ ከእሷ ሁለት በር አለፍ ብሎ ቁልፍ የሚቀርጸው። አስመራ ተወልዶ በአማርኛ የተማረ ሰው ነው። ዴንቨር እንደመጣ ዳውንታውን ፓርኪንግ ውስጥ ይሠራ ነበር። ቁልፋቸውን መኪና ውስጥ ረስተው የሚቆልፉ የቢሮ ሰዎች እየበዙበት በሽቦ መክፈት ለመደ፤ ከዚያ ሙያውን ተምሮ ሱቅ ከፈተ። ቤቱ ከቻምበርስ ሮድ ወዲያ፣ ክሎቨር ሂል የምትባል የሁለት ሺህ ሰው ከተማ ውስጥ ነው። የቀድሞዋ ከንቲባ ቴክሳስ ልጇ ዘንድ ስትገባ የሚወዳደር ሰው ጠፋ። የግማሹን ከተማ የበር ቁልፍ የገጠመው ኣስመላሽ ስሙን አስመዘገበ፤ ብቻውን ተወዳድሮ አሸነፈ። ይኸው ሦስት ዓመቱ፤ ቀን ቁልፍ ይቀርጻል፣ በወር ሁለት ማክሰኞ ስብሰባ ይመራል።

ለሰርካለም የማይዋጥላትም ይሄው ነው። ከንቲባ የሆነ ሰው ምን ፈልጎ ነው ቁልፍ የሚቀርጸው? እሷ የምታውቀው ከንቲባ በር ይከፈትለታል እንጂ ተንበርክኮ በር ሲከፍት አይታይም።

እሷም የክሎቨር ሂል ነዋሪ ናትና በማክሰኞው ስብሰባ ለመናገር ስሟን አስመዘገበች። ለአንድ ሰው ሦስት ደቂቃ ይሰጣል። ፍቅረሥላሴ እየነዳ፣ «የኔንም ቤት ቁልፍ የገጠመው እሱ ነው። እስካሁን ለሦስት ሰው ነግሬያለሁ» አላት። ይሄ ወሬ አንዴ ከተዛመተ ኣስመላሽ ዘንድ ቁልፉን ይዞ የሚሄድ ሐበሻ እንደማይኖር ሰርካለም ታውቃለች።

ማዘጋጃ ቤቱ ሲደርሱ ሰው ሁሉ ደጅ ቆሟል። ጸሐፊዋ ቁልፉን ውስጥ ረስታ በሩን ዘግታዋለች። ከንቲባው ከረባቱን ወደ ትከሻው ወርውሮ፣ ተንበርክኮ፣ በቀጭን ሽቦ ይጎረጉራል። ቀጭ አለና ተከፈተ። ፈረንጆቹ አጨበጨቡ። የሰርካለም ደም ፈላ።

«እንዲህ ነዋ የኔንም የሚከፍቱት!»

ኣስመላሽ እንደተንበረከከ ዞረ። «የምን ያንቺን?»

«ሱቄን ነዋ! እሁድ እሁድ ድስቴን ማን ነው የሚያጥበው፣ ጋሽ ኣስመላሽ?»

«ድስት? እኔ እንኳን ያንቺን የሚስቴንም አጥቤ አላውቅ!»

«አይሳቁ! ሽቦው እጅዎ ላይ ነው።»

ኣስመላሽ ፍቅረሥላሴን አየው፤ ፍቅረሥላሴ ጫማውን ማየት ጀመረ። የኣስመላሽ ሳቅ እዚያው ጠፋ።

«እንዲህ እየተባለ ነው? ስሚ ሰርካለም፣ እኔ ባለቤቱን ሳልጠይቅ ቁልፍ ቀርጬ አላውቅም። ፋሲካ ሰሞን ሮማን የሱቅሽን ቁልፍ ይዛ መጣች። ሁለት ቅረጽልኝ አለች። ደወልኩልሽ። ምን አልሽኝ?»

ሰርካለም አሁን ትዝ አላት። ሱቁ በሰው ተሞልቶ፣ ስልኩን በትከሻዋ ይዛ በርበሬ ስትመዝን ነበር። «ቅረጹላት» ብላለች። ሮማን በእድሩ የለቅሶ ቤት ምግብ የምታስተባብረው ናት። የመጀመሪያውን ቁልፍ የሰጠቻትም ራሷ ናት፤ የእድርተኛው የባሕሩ እናት ያረፉ ጊዜ ማብሰያ ቦታ ቢጠፋ፣ «የኔ ጓዳ ምን አለው? ቤቱ ቤታችሁ ነው» ብላ።

እዚያው ቆማ ደወለች።

«ሮማን፣ እሁድ ሱቄ ትገባላችሁ?»

«ለቅሶ ሲኖር ነዋ! ቤቱ ቤታችሁ ነው አላልሽም? ከፋሲካ ወዲህ አራት ሰው እኮ ነው ያረፈብን። ደግሞ ያ ድስትሽ እንዴት ጠቁሮ ነበር! ፈትጌ ፈትጌ እጄ ተላጠ።»

ቁልፉን መልሱልኝ ልትል አስባ ተወችው። ለለቅሶ ጓዳዋን ነፈገች ሊባል ነው።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለችና ዘጋች።

ስሟ ሲጠራ ማይኩ ፊት ቆመች። ኣስመላሽ ከረባቱን አስተካክሏል፤ አያያትም። እንግሊዝኛውን ቃል በቃል እየፈለገች ተናገረች፦ የሱቄን በር ቁልፍ የገጠመው ይህ ሰው ነው፤ ሳላዘው አንድ ቁልፍ ቀርጾ አያውቅም፤ ያዘዝኩትን የረሳሁት እኔ ነኝ፤ ሌላ ነገር የሰማ ካለ ወሬው የተነሳው ከእኔ ነው። ግማሽ ደቂቃም አልሞላ። ፈረንጆቹ ግራ ተጋብተው ተያዩ።

«ሁለት ደቂቃ ተኩል ይቀርሻል» አላት ከንቲባው፣ ፊቱን ሳይፈታ።

«ይበቃኛል።»

ስብሰባው አልቆ ሲወጡ ፍቅረሥላሴ ለነገራቸው ሰዎች መልሶ እየደወለ ነበር፤ ሁለተኛው ላይ ደርሷል። ኣስመላሽ የመሣሪያ ሳጥኑን መኪናው ውስጥ አስገብቶ ዞር አለ።

«ነገ መጥቼ ቁልፉን ልቀይርልሽ?»

አዎ ልትል ነበር። ከዚያ ሮማን ሽንኩርት ተሸክማ፣ በማይከፍት ቁልፍ በሩ ላይ ስትታገል ታየቻት።

«ተዉት። ብቻ ሲወጡ መብራት ያጥፉ ብለው ለሮማን ይንገሩልኝ። እኔ እንዳልኩ አይንገሯት፤ ከንቲባው አዘዘ ይበሏት።»

«ሱቅሽ ያለው እኮ አውሮራ ነው፤ እዚያ እኔ አላዝም።»

«እሷ በምን ታውቃለች?»