ሳይኮሎጂን ይዤ ከማርቆስ ስወጣ

የስደት ታሪኩን የሚያወራ ሰው ሁሉ የወጣው በሌሊት ነው። እኔ ግን ከደብረ ማርቆስ የወጣሁት ከምሳ በኋላ፣ ሆዴ ተነፍቶ፣ ፀሐይ አናቴን እየጠበሰችኝ ነው። መንገዱ ሲዘጋና ሲከፈት ስለሰነበተ መኪና በተገኘበት ሰዓት ነበር የሚኬደው። አባባ ሊሸኙኝ ከቁይ ወዲያ ካለው መንደራችን መጥተው መናኸሪያው በር ላይ ጋቢያቸውን ደርበው ቆመዋል። እንባ አልያዙም፤ ጥያቄ ነበር የያዙት።

«እዚያም ይኼንኑ ትምህርት ነው የምታስተምር?»

«ከፈቀዱልኝ፣ አዎ።»

«የሰው ሐሳብ የሚታወቅበትን?»

«እሱኑ።»

«እስቲ እኔ አሁን ምን አስባለሁ?»

«ይኼ ልጅ ቶሎ በሄደልኝና ጠላዬን በጠጣሁ እያሉ ነው።»

«ትምህርቱስ ገብቶሃል» አሉና ሳቁ። ሹፌሩ ጡሩንባ ነፋ፤ ገባሁ።

ትምህርቱ የሳይኮሎጂ መግቢያ ነው። ማርቆስ ኮሌጅ ውስጥ፣ አስተማሪ ለመሆን ለሚሰለጥኑ ልጆች እሱን ሳስተምር ነው ፀጉሬ የሸበተው። የሊቃውንቱ ስም ለምላስ ስለሚያስቸግር በሥራቸው ነበር የምንጠራቸው። ደወል እየደወለ የውሻ ምራቅ የሚለካው የውሻው ሰውዬ ነው። ርግብና አይጥ ሳጥን ውስጥ ከትቶ፣ ደህና ሲሠሩ ጥሬ ጣል የሚያደርግላቸው የሳጥኑ ሰውዬ። በሽተኛውን አጋድሞ የልጅነቱን ጉድ የሚያስለፈልፈው የሶፋው ሰውዬ። የሰውን ፍላጎት ከምግብ ጀምሮ ወደ ላይ የደረደረው ደግሞ የፒራሚዱ ሰውዬ። አንዱ ተማሪዬ ፈተና ላይ የሶፋውን ሰውዬ «የቤት ዕቃ ነጋዴ ነበር» ብሎ ቢጽፍልኝ ለድፍረቱ ግማሽ ነጥብ ሰጥቼዋለሁ። እነዚህን ሰዎች እንደ ጎረቤቶቼ ነበር የማማቸው፤ ከጎረቤቶቼ የሚለዩት መልስ ባለመስጠታቸው ብቻ ነው።

ወደ ጀርመን ያስመጣችኝ ባለቤቴ ትርንጎ ናት። ነርስ ናት፤ ከእኔ ቀድማ ገብታ፣ ቋንቋውን ተምራ፣ ከዚያ እኔን ጠራችኝ። አውሮፕላኑ ሲነሳ ጎኔ የተቀመጠው ሰው እየተንሰቀሰቀ ሲያለቅስ እኔ የሰጡኝን ዶሮ እበላ ነበር። የእሱንም ተቀብዬ በላሁለት። ልቤ፣ ጥርስ ለመንቀል መርፌ እንደተወጋ ድድ ሆናለች፤ ብነካካት አለች፣ ግን የእኔ አትመስልም። መጽሐፉ ለዚህ ስም አለው። ስሙን ማወቅ ግን ከማደንዘዣው አያነቃም።

እዚህ ሀገር ያለ ተርሚን የትም አይገባም። ተርሚን ማለት ቀጠሮ ነው፣ ግን የእኛ ዓይነት ቀጠሮ አይደለም። እኛ «ቤቶች» ብለን ዘው እንላለን፤ እዚህ ሰው ለመታመምም ተርሚን ይይዛል። በተርሚኔ ቀን የሥራ ቢሮዋ ሴትዮ ኮምፒውተሯን እያየች ጠየቀችኝ።

«ሙያዎ?»

«የሳይኮሎጂ መምህር።»

«ሳይኮሎጂስት ነዎት?»

«አይደለሁም። ስለ ሳይኮሎጂስቶች የማወራ ሰው ነኝ።»

«እዚህ ለማውራትም ፈቃድ ያስፈልጋል» አለች። ትንሽ አሰበችና «ድንች መላጥ ይችላሉ?»

«ጎጃም ነው የተወለድኩት።»

«አዎ ማለት ነው?»

«አዎ ማለት ነው።»

በዚህ የተነሳ የአረጋውያን መጦሪያ ወጥ ቤት ገባሁ። የላጥኩት ድንች ቢከመር ጮቄ ተራራን ቁልቁል ያያል። የእኛ ድንች ሲቀቀል ልብሱን ቀዶ ይፈነዳል፣ ጨውና ሚጥሚጣ ይጠራል። የእነሱ ድንች እንደገባ ይወጣል፤ ተርሚን የያዘ ይመስላል። የምሳ ደወል ሲደወል ምራቄ የሚመጣው እኔ ነኝ እንጂ አረጋውያኑ ቀና እንኳ አይሉም። ብርዱን ደግሞ አታንሱብኝ። የማርቆስ ብርድ ጠዋት ይነክስሃል፣ ፀሐይ ስትወጣ ይቅርታ ይጠይቅሃል። የዚህኛው ነክሶ እንደያዘ ይከርማል።

የምንኖረው ምድር ቤት ነው። ከላይ የቤቱ ባለቤት ፍራው ሙለር፣ በእኛ ወይዘሮ ሙለር፣ አሉ፤ ዕድሜያቸው የአባባን ይጠጋል። የገባን ዕለት ደንቡን ነገሩን። ማታ ከአራት ሰዓት በኋላ ገላ መታጠብ የለም። መስኮት ጠዋትና ማታ ይከፈታል፣ በረዶ ቢሆንም ይከፈታል። ጫማ ደረጃ ላይ አይቀመጥም።

«መሳቅስ ይፈቀዳል?» አልኳቸው።

አሰቡበት። «ቀስ ተብሎ» አሉ።

ከመጣሁ በኋላ አባባን በየሳምንቱ ማግኘት ለምጄ ነበር። ስልኩ ያለው አብሯቸው በሚኖረው ታናሽ ወንድሜ በሙሉቀን እጅ ነው። አንድ ቀን ስደውል «ጠበል ሄደዋል አያ» አለኝ። በሳምንቱ ቁይ ገበያ ወርደዋል። በሌላው መርጡለ ማርያም ለንግሥ ሄደዋል። ከዚያ ዲማ ዘመድ ሊጠይቁ። ከዚያ ሣር ሊያጭዱ። እኔን ከሸኙ ወዲህ ጉልበታቸው ከድቷቸው ከአልጋ እስከ ደጃፍ የማያደርሳቸው ሰውዬ በሙሉቀን አፍ ምሥራቅ ጎጃምን አካለሉት። በሕይወታቸው እንዲህ ተጉዘው ቢሆን ኖሮ ጀርመንም ቀድመውኝ ይገቡ ነበር።

ሀገሬን የምታውቁ አውቃችኋል። እኛ ዘንድ መርዶ በስልክ ዱብ አይደረግም። ሰው ተሰብስቦ፣ ጎህ ሲቀድ መጥቶ፣ ግራ ቀኝ ይዞህ ነው የሚነግርህ። እስከዚያ ድረስ ሟቹን ሥራ ያበዙበታል።

እኔም አውቄያለሁ። ትርንጎም ታውቃለች፤ ማወቋን ያወቅሁት ደግሞ በደግነቷ ነው። ስለ ጨርቁ፣ ስለ ሳህኑ፣ ስለ ካልሲዬ የምትጨቀጭቀኝ ሴት ድንገት «ብላልኝ» ማለት ጀመረች። የሳጥኑ ሰውዬ እንደሚለው ጥሬ የሚጣለው ደህና ለሠራ ነው፤ እኔ ምንም ሳልሠራ ጥሬው ይዘንብብኝ ጀመር። ክህደት የሚባለውን ትምህርት፣ የሚያውቁትን ነገር እንደማያውቁ መኖርን፣ ለተማሪዎቼ ስተነትን ኖሬ፣ አሁን እሱኑ ቁርስ ምሳ እበላዋለሁ። ብጠይቅ አንድ ቃል ነው። ግን ሙሉቀንን ብጠይቀው ወይ ይዋሻል፣ ወይ ብቻዬን ይነግረኛል፤ ሁለቱም ነውር ነው። ካልጠየቅሁ ደግሞ ታላቁ ልጅ ሳይረዳ ተዝካር አይወጣም፤ ወንድሜ ቤቱን ዘግቶ፣ ኀዘኑን ታቅፎ፣ በየሳምንቱ አዲስ መንገድ ሲፈጥርላቸው ይኖራል። ከሁሉ የባሰው፣ እንባዬ የት እንደገባ አላውቅም። ከተነገረኝ ይመጣ እንደሆነ ማየት ፈለግሁ።

ትርንጎ ሐኪም ዘንድ ተርሚን ያዘችልኝ። ሳይኮሎጂስቷ የተማሪዎቼ እኩያ ናት።

«ምን ይሰማዎታል?»

«ምንም።»

«ምንም የሚባል ስሜት የለም።»

«እኔም ለተማሪዎቼ እንደዚያ ነበር የምላቸው።»

ወረቀት አውጥታ ፒራሚድ ሣለች። የድሮ ጎረቤቴን ባላሰብኩበት ቦታ ሳገኘው ሰላም ልለው ምንም አልቀረኝ። በቅርቡ የሞተብኝ ሰው እንዳለ ጠየቀችኝ።

«አባቴ። ግን ገና አልተነገረኝም።»

«ካልተነገረዎት እንዴት አወቁ?»

«ብዙ መንገድ ይሄዳሉ።»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ማን እንዲነግርዎት ነው የሚጠብቁት?»

ከዚህ ሁሉ የጀርመን ጥያቄ ጥያቄ የሆነብኝ ይኼ ብቻ ነው።

ቤት ገብቼ ትርንጎን «ሰዎቹን በቪዲዮ ሰብስቢልኝ» አልኳት።

«የምን ሰዎች?»

«አንቺ የምታውቂያቸውን።»

የያዘችውን ጭልፋ ድስቱ ውስጥ ተወችና ተቀመጠች። «ሰው እስከምናገኝ ብዬ ነው» አለች። «አበሻ ያለው ሩቅ ከተማ ነው፣ ከእነሱም ገና አልተዋወቅን። በማን ፊት ልንገርህ?»

«አውቃለሁ» አልኳት። አለቀሰች። እኔ ድስቱ እንዳያር ወጡን አማሰልኩ።

እሑድ ጎህ ሲቀድ ደወልን፤ እዚያ ፀሐይ ወጥታለች። ስልኩ ውስጥ ግቢያችን ታየኝ፣ ሰው ሞልቶበታል። ፊት ለፊት የአባባ ጎረቤትና የዕድሜ ልክ ጓደኛ አያ ደምሴ ተቀምጠዋል፤ ሙሉቀን ስልኩን ይዞላቸዋል።

«ደህና አደርክ ልጄ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎስ ደህና አደሩ?»

«ይመስገነው። ከአጠገብህ ማን አለ?»

«ትርንጎ አለች።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ሰው የለም።»

አያ ደምሴ ዞረው ከሰዎቹ ጋር ተንሾካሾኩ። «እንግዲያስ አንናገርም» አሉ። «እሷም ያው ምራት ናት፤ ማን ማንን ይይዛል? ጎረቤት የለህም?»

«ከላይ አንዲት ጀርመን አሉ።»

«ጥራቸዋ።»

ደረጃውን ወጣሁ። ያለ ተርሚን የሰው በር ሳንኳኳ እዚህ ሀገር የመጀመሪያዬ ነው። ፍራው ሙለር በሌሊት ልብሳቸው ከፈቱልኝ።

«እሳት ተነሳ?»

«አልተነሳም። አባቴ ሞተዋል፣ ሊነግሩኝ ነው፣ ሰው ጎደለን።»

«አባትዎ መሞታቸውን ያውቃሉ?»

«አዎ።»

«ታዲያ ምንድን ነው የሚነግሩዎት?»

«መሞታቸውን።»

ሌላ ጥያቄ ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ። ገብተው ካፖርት ደረቡ፣ ጫማቸውን አሰሩ፣ ደረጃውን በጎን በጎን እየረገጡ አብረውኝ ወረዱ።

በግራዬ ትርንጎ፣ በቀኜ ፍራው ሙለር ተቀመጡ። አያ ደምሴ ከመቀመጫቸው ተነስተው እጅ ነሱ። ፍራው ሙለርም በቋንቋቸው ደህና አደሩ ለማለት «ጉተን ሞርገን» ብለው ለስልኩ ጎንበስ አሉ።

«እጁን ያዙልኝ ብለህ ንገራቸው» አሉ አያ ደምሴ።

ነገርኳቸው። የልብ ትርታ እንደሚቆጥር ሰው አንጓዬን ጨበጡ።

«ልጄ» አሉ አያ ደምሴ፣ «እግዚአብሔር ያጽናህ። አባትህ ዐርፈዋል።»

ግቢው ተናወጠ። ሴቶቹ ደረታቸውን መቱ፣ ወንዶቹ ጋቢያቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። ትርንጎ ትከሻዬ ላይ ወደቀች። እኔ የማየው የስልኩን ጥግ ነው፤ የአባባ መቀመጫ ድንጋይ በግማሽ ይታያል፣ ጫፉ ላይ አንዲት ዶሮ ቆማለች። እንባዬን ፈለግሁ። ያስተማርኩትን ምዕራፍ ሁሉ ከላይ እስከ ታች አገላበጥሁ። ምራቄ እንኳ ደርቋል።

ቀስ በቀስ ግቢው ጸጥ አለ። ሙሉቀን ፊቱን ወደ ስልኩ አስጠጋ፤ ጺሙን አሳድጎ አባባን መስሏል።

«አያ፣ ድምፅህ ተቆረጠ እንዴ? አይሰማንም።»

«አልተቆረጠም።»

«ሰዉ አንተን ነው የሚጠብቀው።»

ከኋላው አያ ደምሴ «ድምፅህን አሰማን ልጄ፣ አብረን እናልቅስ» አሉ። ሁሉም ወደ ስልኩ ተመለከቱ።

ፍራው ሙለር አንጓዬን እንደያዙ ጎንበስ ብለው ሰዎቹ ምን እንዳሉኝ ጠየቁኝ።

«እየጠበቁኝ ነው» አልኳቸውና ስልኩን ወደ አፌ አስጠጋሁት።