ከበሩ ኋላ ያለው ጠብመንጃ

አርካዊት በሚባል የካርቱም ሰፈር፣ ከአንድ ሱቅ ጀርባ በተከራየኋት ክፍል፣ አርብ አርብ ከሰዓት በኋላ እንግሊዝኛ አስተምር ነበር። ተማሪዎቼ የሰው ቤት ሠራተኞች፣ አብዛኞቹም የወሎ ልጆች ናቸው። ካርቱም በሰልፍ ትናጥ በነበረበት ሰሞን የጸጥታ ሰዎች መጡብኝ። ሰው ይሰበሰባል ብሎ የጠቆመ አይጠፋም። ደግነቱ ሴቶቹ ሄደው ነበር። ያገኙት እኔንና ገና ያላረምኩትን የቤት ሥራ ነው።

ያጎሩኝ ክፍል ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ መስኮት የለውም። ስምንት ሰዎች ጉልበታቸውን አቅፈው ተቀምጠዋል። ውሃው የሚመጣው በዘይት ጀሪካን ስለሆነ ዘይት ዘይት ይላል።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ተጠራሁ። መርማሪው ሽቶ የተቀባ ወጣት ነው። አንድ ቃል በቀይ ያከበበበትን የእንግሊዝኛ የቤት ሥራ ወረቀት ወደ እኔ ገፋ። ወደ አማርኛ ሲመለስ እንዲህ ይላል፦ «ጠብመንጃው ከበሩ ኋላ ነው። የመኪናው ቁልፍ ከቴሌቪዥኑ ኋላ ነው። ጌታዬ ከመጋረጃው ኋላ ይተኛል።»

ጥፋቱ የኔ ነው። ከመጽሐፍ ላይ ድመትና ጠረጴዛ ከምትገለብጡ፣ የምትሠሩበትን ቤት እያያችሁ ጻፉ ብያቸው ነበር።

«ይሄ ቃል ምንድን ነው?»

«ቢሃይንድ ነው፣ ጀናቡ። ኋላ ማለት ነው።»

«ከየት የመጣ ነው?»

«ከጥንት የእንግሊዝኛ ቃል። ‹ሃይንድ› የኋላ ማለት ነው፤ የፈረስን የኋላ እግር እስከ ዛሬ በሱ ይጠሩታል። ‹ቢ› ከፊቱ ተጨመረችበት።»

ሁሉንም እንደ እምነት ቃል መዘገበው፤ የፈረሱ እግር እንኳ አልቀረም።

«ለምን ይሄንን መረጥክ?»

«‹ከፊት› የሚለውን ባለፈው አርብ ጨርሰናል።»

በጥፊ አጮለኝ። ጆሮዬ ጮኸ።

ወረቀቱ ላይ ስም የለም። ማዳሞቻቸው መማራቸውን እንዳያውቁ ሴቶቹ በስም ፈንታ ምልክት ይሥሉ ነበር፤ የዚችኛዋ ማበጠሪያ ነው። እኔ ግን አውቃታለሁ። እዚያው ካርቱም፣ አል-ጣኢፍ ሰፈር፣ አንድ መኮንን ቤት ትሠራለች። ከሁሉም በላይ የምትተጋ ልጅ ናት። ስሟ ከአፌ ቢወጣ ምን እንደሚያደርጓት አላጣሁትም።

«ኢስማ ሚኑ? ስሟን ጻፍ፣ ያላ፣ ዛሬውኑ ቤትህ ትገባለህ» አለና ቀዩን እስክሪብቶ ሰጠኝ።

በዚያች ልጅ ላብ ላይ ቀይ የማስመር መብት ያለኝ እኔ ነኝ፣ አስተማሪዋ! ወረቀቱን ሳብ አድርጌ ከላይ ጀምሬ በእርጋታ አነበብኩ። ትክክል የሆነው ላይ ሁሉ ምልክት አደረግሁ። ከአሥሩ ዓረፍተ ነገሮች አራተኛው ላይ አንድ ፊደል ጎድሏት ነበር፤ ሞላሁላት። ከማበጠሪያዋ አጠገብ «ዘጠኝ ከአሥር፣ ጎበዝ» ብዬ ጽፌ እስክሪብቶውን መለስኩለት።

ያን ቀን የደረሰብኝን ዱላ አልቆጥርም። ሁለት ወር ቆይቼ ወጣሁ፤ ስሟ ከኔ አልወጣም።

ኋላ ሱዳን ላይ የፈነዳው ጦርነት ሁላችንንም በትኖናል። ዛሬ ጎንደር ነው የማስተምረው፤ ያንኑ የቤት ሥራ አሁንም እሰጣለሁ። ልጅቷ የት እንደደረሰች አላውቅም። ወረቀቷ እዚያ ቢሮ ቀረ። ዘጠኝ እንዳገኘች የነገራት ሰው የለም፤ ከጥፊውም ከዱላውም ይልቅ እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።